ፕሬዚዳንቱ ማመልከቻዬን ለማን መሩት

ሰው ጨምሮና ቀንሶ ስላወራው ከባለቤቷ አፍ ስሙት ብዬ ነው የምጽፈው። ጨዋታ አላውቅም። ንባቤም ከዳዊት አያልፍም። ያፈርሁበትን ቀን ግን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያን ቀን ባላፍር ኖሮ ዛሬ የምጽፈው አይኖረኝም ነበር።

ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን በር ፊት ለፊት ጧፍና ሻማ እሸጣለሁ። ጧፉን የምሠራው ራሴ ነኝ። ክሩን የቀለጠ ሰም ውስጥ እየነከርሁ ስጎትት ስለምውል እጄም ልብሴም ሰም ሰም ይላል። ባለቤቴ ካረፉ ቆይተዋል። በዚያን ጊዜ የማርያም ማኅበራችን ሙሴ፣ ማለት መሪዋ፣ እኔ ነበርሁ። ነጠላዬ ነጭ፣ ጾሜ ሙሉ፣ ምክሬ ብዙ ነበር። ሰው ሲሳሳት ከሁሉ ቀድማ የምታይ ዓይን ነበረችኝ። ወደ ራሴ ግን ዞራ አታውቅም።

አንድ ልጅ አለችኝ፤ ትርንጎ ትባላለች። ዐረብ አገር ሄዳ ከሦስት ዓመት በኋላ እርጉዝ ሆና ተመለሰች። «አባቱ አይመጣም» አለችኝ። ከዚህ ሌላ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አልጮህሁባትም። ብጮህ ይሻል ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ከወረታ አልፎ ባለችው ከተማ፣ ሐሙሲት፣ ቤት ተከራየሁላትና «እዚያ ሥራ አገኘች» ብዬ አስወራሁ። ልጅቱ ስትወለድ ደግሞ «አብራት ትሠራ የነበረች ጓደኛዋ ሞታ፣ በአደራ የተወችላት ናት» አልሁ። ይህን ውሸት ሳወራ አለቅስ ነበር። ያላለቀሰ ሰሚ አልነበረም።

ሕፃኗ ቃል ኪዳን ትባላለች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ፣ አያቷ ሆኜ ከፊት በመቆም ፈንታ ምሰሶ ተጠግቼ ቆምሁ። አፏን ስትፈታ «እትዬ ጧፍ» ብላ ጠራችኝ። ሰም ሰም ስለምሸት ነው። እኔም «ወይዬ» አልሁ። አላረምኋትም።

ለንስሐ አባቴ ረቡዕ ቀን ረስቼ እርጎ የቀመስሁትን እንኳ ተናግሬያለሁ። ይህን ግን አልተናገርሁም። ኃጢአት አልመሰለኝም፤ ጨዋነት ነበር የመሰለኝ።

መንገዱ ክፍት በሆነበት ሰሞን ትርንጎ ደወለች።

«እማዬ፣ የፊታችን ሐሙስ እሄዳለሁ።»

«ወዴት?»

«ወደዚያው። ወደ ዐረብ አገር።»

«ሕፃኗስ?»

«የቤት አከራዬ ትይዝልኛለች።»

ከዚያ ዝም አለች። ረጅም ዝምታ ነበር። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «መንገድ ይቅናሽ» አልኋት። ስልኩን ዘግቼ የእመቤታችን ሥዕል ፊት ተንበረከክሁና «አስቀሪልኝ!» እያልሁ አነባሁ። ለልጄ ያልነገርሁትን ለእመቤታችን ስነግር አመሸሁ።

ማክሰኞ ዕለት ከቀበሌ ሰው መጣ። «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ነገ ትልቅ እንግዳ ይመጣብሻል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ለአባትሽ ለቅሶ ሊደርሱ ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልንገራችሁ። አባቴ አቶ አስናቀ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ አንድ ወጣት መምህር ከጓሯችን ባለችው ክፍል ይኖር ነበር። ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። የመጀመሪያ ኮቱን የሰፉለት አባቴ ናቸው። ኋላ አገር ለቆ ሄደ። ባለሥልጣን ሆነ ተባለ፤ ቀጥሎ አምባሳደር፤ በመጨረሻ የአገር ፕሬዚዳንት። ስማቸውን አልጽፍም፤ አላስፈቀድኋቸውም። እንዲህ ከፍ ካሉ በኋላማ «እሱ» ማለቱም ቀረ፤ «እሳቸው» ሆኑ። አባቴ ግን እስኪሞቱ ድረስ «ያ የኔ ልጅ» ነው የሚሏቸው። በአዲስ ዓመት ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር።

አባቴ መታመማቸውን ሲያውቁ እኔን አስጽፈው ላኩላቸው። «ደክሜያለሁ፤ ና ልይህ» የሚል ነበር፤ ሌላ ቃል የለውም። ከወር በኋላ መልስ መጣ፣ ማኅተም ያለበት። «የላኩት ማመልከቻ ለጽሕፈት ቤታችን ደርሷል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ይላል። አባቴ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ማኅተሙስ ያምራል» አሉ። በሳምንቱ አረፉ። በለቅሷቸው ላይ ፕሬዚዳንት አልነበረም።

በአገራችን ለቅሶ አያረጅም። ቀብር ያልደረሰ ሰው ዓመትም ይቆይ አምስት ዓመት፣ መጥቶ ይደርሳል። ሲመጣም የሞተው ዛሬ እንደሆነ ሁሉ ቤቱ እንደገና ያለቅሳል። ሥርዓቱ ይህ ነው። እኔ ግን ዜናውን ስሰማ አባቴ አልታወሱኝም። «እመቤቴ ልመናዬን ሰማች፤ ፕሬዚዳንት ላከችልኝ!» ነው ያልሁት።

ጧፌን ጥዬ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ወደሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ሮጥሁ።

«ምን ልጻፍልሽ?»

«አንዲት ሴት ዐረብ አገር ልትሄድ ነው። እዚሁ ከተማ ሥራ ወይም የንግድ ቦታ እንዲሰጧትና እንድትቀር።»

«ምንሽ ናት?»

«ዘመዴ።»

«የአጎት ልጅ? የአክስት?»

«ዘመዴ በል፤ ምን አደከመህ?»

«ትርንጎ የምትባል አንዲት ችግረኛ ዘመዴ» ብሎ ጻፈ። አነበበልኝ፤ አማረ። ለአገር መሪ የተጻፈ ወረቀት ላይ ልጄን ካድኋት፤ ቀለሙ ሳይደርቅም ፖስታ ውስጥ ከተትኋት።

ረቡዕ ጧት ቤቴ ሞላ። የማኅበራችን ሴቶች ሁሉ «ለቅሶ አይደል፣ ብቻሽን ትሆኛለሽ እንዴ?» እያሉ መጡ። አባቴ ሲቀበሩ ያልመጡት ሳይቀሩ መጡ። ጎረቤቴ ሙሉ ስትቀመጥ ከነጠላዋ ሥር ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ሌላዋም ስትቀመጥ ተንኮሻኮሸ።

«ሙሉ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?»

«መዝሙር ነው።»

«ማኅተም ያለው መዝሙር?»

«ዝም በይ ጥሩዬ። የአንቺ እንኳ በአንገትጌሽ ብቅ ብሎ ይታያል።»

አምስት ሰዓት ላይ አንዲት አሮጌ መኪና በራፌ ላይ ቆመች። ሾፌርና አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ወረዱ። ሴቶቹ ከመኪናዋ ኋላ ሌላ መኪና ፈለጉ፤ አልነበረም።

«አጃቢ የለም እንዴ?» አለች ሙሉ በሹክሹክታ።

«ለቅሶ ስለሆነ ትተውት ይሆናል» አልሁ። ሥልጣን እንደ ጫማ ከደጅ የሚተው መስሎኝ ነበር።

ገቡ። እንደ ወጉ ለቅሶው ተነሣ። ሴቶቹ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስሁ። ይቅር ይበለኝ፣ በአንድ ዓይኔ አባቴን አለቅሳለሁ፣ በሌላው እስክርቢቶ የያዙ እንደሆነ ኪሳቸውን አያለሁ። ይዘዋል። አመሰገንሁ። እሳቸው ግን ከዘራቸውን ጥለው ግድግዳው ላይ ያለውን የአባቴን ፎቶግራፍ ይዘው እውነተኛ ለቅሶ አለቀሱ። «ጋሼ አስናቀ! ዘገየሁብህ!» አሉ። ያን ጊዜ ሁላችንም አፈርን። ሙሉ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ወረቀቱ ተንኮሻኮሸ።

ንፍሮ ቀረበ። እሳቸው እየቆነጠሩ፣ ስለ አባቴ ጨዋታና ስለ መርፌያቸው ሲያወሩ ቆዩ። ሙሉ መታገሥ አቃታት።

«ጌታዬ፣ የሞተ አይመለስም። የቆመ ግን ጉዳይ አለበት።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አይዋትና ሳቁ። «አውጪው እስቲ።»

በአንድ ጊዜ ከየነጠላው ሥር ወረቀት ወጣ። የቤት ካርታ የጠፋባት፣ ጡረታዋ የቆመባት፣ ከጎረቤቷ በአጥር የተጣላች፣ ሁሉም ዘረጋች። ለቅሶ ቤቱ ችሎት መሰለ።

«እኔ እኮ ከወንበር ወርጃለሁ» አሉ።

«ሲወርዱ የሚያውቁት ሰው አልተረፈዎትም?» አለች ሙሉ።

«ሰውም ስልኩም የመንግሥት ነበር፤ እዚያው ቀረ።»

«ግዴለም፤ አንቱ ዝም ብለው ይፈርሙልን። በዚያን ጊዜስ ብዙ ሥልጣን ነበረዎት?»

አሰቡ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቃቸው ያለ አይመስለኝም። «አምባሳደር ሲመጣ እቀበላለሁ። ሲሄድ እሸኛለሁ። ሌሎች የጻፉትን ንግግር አነባለሁ። ቀይ ጥብጣብ እቆርጣለሁ። ዛፍም ብዙ ተክያለሁ።»

«ጸደቀ?» አለች የአጥር ጠበኛዋ።

«ማጠጣቱ የሌላ መሥሪያ ቤት ነበር።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እሳቸውም ሳቁ። ቀጥለው እስክርቢቷቸውን አወጡና የየአንዳንዷን ወረቀት አንብበው፣ የት መሄድ እንዳለባትና ማንን መጠየቅ እንዳለባት ከጠርዙ ላይ ጻፉላት። የሙሉ ለመሬት አስተዳደር ነበር። እስከ ዛሬ እየተመላለሰች ነው።

እኔ አልዘረጋሁም። የኔ ከሁሉ የሚከብድ ስለመሰለኝ ለብቻ ልሰጣቸው ፈለግሁ። ደግነቱ የጓሮዋን ክፍል ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ወስጄ አሳየኋቸው። ዛሬ ሰምና ክር የማስቀምጥባት ናት። በር ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ሣጥን ላይ ቁጭ አሉ።

«ጥሩወርቅ፣ አባትሽ 'ና ልይህ' ብሎ ጽፎልኝ ነበር።»

«እኔ ነኝ የጻፍሁት። መልሱም ደርሶናል።»

«ያ መልስ አልነበረም።» ከዘራቸውን መሬት ላይ አዞሩት። «በቀን ያ ሁሉ ወረቀት ይመጣል። እኔ ከጠርዙ ላይ 'ለሚመለከተው ክፍል፣ ይታይ' ብዬ እመራዋለሁ። እጄ ለመደው። የአባትሽም ደብዳቤ ከመሐል መጣ። አነበብሁት። አንብቤውም 'ለሚመለከተው ክፍል፣ ይታይ' ብዬ መራሁት። ከእኔ ሌላ ማንን ይመለከት ነበር?»

ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? አንድ ሽማግሌ ከፊቴ ተቀምጠው የልባቸውን ስብራት ሲነግሩኝ፣ እኔ «አባቴ ይቅር ብለውዎታል» ብዬ ሳልጨርስ ፖስታውን ዘረጋሁላቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። አንብበው ሲያበቁ እንደገና ጀመሩ።

«ይህች ዘመድሽ ማን ናት?»

«የቅርብ ዘመዴ ናት።»

«ምን ያህል የቅርብ?»

ጣሪያውን አየሁ። «በጣም የቅርብ።»

«አባትሽ በአዲስ ዓመት ደብዳቤው ላይ 'የልጄ ልጅ ትርንጎ በፈተና አንደኛ ወጣች' ይለኝ ነበር። ስሟ ትርንጎ አልነበረም? እዚህም ትርንጎ ይላል።»

«አዎ።»

«ስለዚህ?»

«የወለድኋት ናት» አልሁ።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኋቸው። ስለ ሐሙሲቱ ቤት፣ ስለ ምሰሶው፣ ስለ «እትዬ ጧፍ»። ለንስሐ አባቴ ያልተናገርሁትን ሰም ማስቀመጫ ውስጥ ተናገርሁ። አላቋረጡኝም፤ አልመከሩኝምም። ስጨርስ አንድ ብቻ ጠየቁኝ።

«አትሂጂ ብለሻታል?»

«ለማን?»

«ለትርንጎ።»

«እሱን እንኳ… መንገድ ይቅናሽ ነው ያልኋት።»

ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ከጠርዙ ጻፉበት፤ ፈረሙበት። ፖስታውን ራሳቸው አሸጉና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«ለሚመለከተው ስጪ። ነገ ዛሬ አትበይ።»

«ሥራውን ይሰጧታል?»

«ውስጡ ተጽፏል።»

ያን ፖስታ ከዳዊቴ ውስጥ አኖርሁት። ልክፈተው አላልሁም። የመሪ ወረቀት ባለሥልጣን ሳያየው ይከፈታል እንዴ? ለሴቶቹ «የኔን አሽገው ሰጡኝ» ብዬ ተመጻደቅሁ። የነሱ እኮ አልታሸገም።

ሐሙስ ጧት ቅዳሴ አስቀድሼ በቀጥታ ወደ ቀበሌ ሄድሁ። ትርንጎ ከሐሙሲት የምትነሣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ሥራው ተፈቅዶላት በስልክ እነግራታለሁ፤ እሷም ትቀራለች፤ እኔም አንድ ቃል ሳላወጣ ነገሩ ያልቃል። ዕቅዴ ይህ ነበር። ሙሉና ሁለት ሴቶች ወሬውን እንዳያመልጣቸው ተከተሉኝ።

የቀበሌው ኃላፊ ከማን እንደመጣ ስነግረው ብድግ አለ። ኮቱን ቆለፈ። ፖስታውን በጥንቃቄ ቀደደና ሁላችንም እየሰማን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«ለወይዘሮ ጥሩወርቅ አስናቀ…» አለና ቆመ። ፊቴን አየ። «ወደ አንቺ ነው የተመራው።»

«አንብብ ዝም ብለህ፤ ከታች ይኖራል» አልሁ።

«ለወይዘሮ ጥሩወርቅ አስናቀ። ጉዳዩ ከእርስዎ በቀር ሌላ ማንንም የማይመለከት ሆኖ ስላገኘሁት፣ ለልጅዎ ለትርንጎ አትሂጂ ብለው በራስዎ አፍ እንዲነግሯት፣ ዛሬውኑ ውሳኔ እንዲሰጡበት መርቼዋለሁ። ግልባጭ፦ ለእመቤታችን።»

ከዚያ ሙሉ ከኋላዬ ሳቋ አመለጣት። ኃላፊው ከንፈሩን ነክሶ ወረቀቱን አጠፈው።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ መዝገብ ላይ ላስፍረው?»

«መዝገብህን እንዳትነካ!»

«ልጅሽ ልትሄድ ነው እንዴ? ስንት ሰዓት?»

የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ሦስት ተኩል ሆኗል። ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ፕሬዚዳንት፣ ቀበሌ፣ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ እመቤታችን፤ ሁሉ ጋ ሄጃለሁ። ያልሄድሁት ልጄ ጋ ነው።

መናኸሪያው ስደርስ ሚኒባሱ ግማሹ ባዶ ነበር። ካልሞላ አይነሣም።

«ወንድሜ ንዳው፤ የፕሬዚዳንት ጉዳይ ነው» አልሁት ሾፌሩን።

«የትኛው ፕሬዚዳንት?»

«የቀድሞው።»

«የቀድሞው ከሆነ ምን ያስቸኩለዋል?» አለና ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ተደላደለ።

ሰው አንድ በአንድ እየመጣ እስኪሞላ ተቀምጬ ውዳሴ ማርያም ደገምሁ። ከቃሉ ይልቅ የገባውን ሰው ስቆጥር እንደነበር እመቤቴ ታውቃለች። ወረታ ላይ ደግሞ ሰው ጣለ፤ ሰው ጫነ። ሐሙሲት ስወርድ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው። ገበያ ነው። ከሰው፣ ከፍየልና ከአህያ መሐል እየተጋፋሁ ስሮጥ፣ ምን እንደምላት አሰብሁ። አፌ ባዶ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው ጋር የተነጋገርሁት በምክር ነው። ልመና አላውቅም።

አገራችን አንድ ሥርዓት አላት። የበደለ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ከበደለው ፊት ይቆማል። ተበዳይ «ይቅር ብያለሁ» እስኪል አያወርደውም። አስታራቂ አብሮ ይሄዳል። ሥርዓቱ ለነፍስ ገዳይ፣ ለድንበር ገፊ ነው። እናት ለልጇ ድንጋይ ስትሸከም አይቼም ሰምቼም አላውቅም። እኔ ግን ድንጋዩ ስለ እኔ ይናገርልኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ዞር ዞር ብል በገበያው ውስጥ ልቅ ድንጋይ የለም። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ የፀሐይ መከለያ ሸራዋን ነፋስ እንዳይወስደው ጫፉን በድንጋይ አስይዛው አየሁ። ጎንበስ አልሁና አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አደረግሁት። ሸራው እንደ ባንዲራ ተነሣና ባለቤቷን መታት።

«አንቺ ሴትዮ! ድንጋዬን!»

«እመልስልሻለሁ!»

«ሌባ! በነጭ ነጠላ ሌባ!»

ሮጥሁ፤ ተከተለችኝ። የማርያም ማኅበር ሙሴ ድንጋይ ሰርቃ በሐሙሲት ገበያ ተባረረች። ያየ ሁሉ መንገድ ለቀቀልኝ፤ ድንጋይ ከያዘ ሰው መሸሽ ነው።

ትርንጎ በራፏ ላይ ነበረች። ሻንጣዋ ባጃጅ ላይ ተጭኗል። አከራይዋ ቃል ኪዳንን አዝላለች። ልጄ ዞር ብላ አየችኝና ቀለሟ ተለወጠ።

«እማዬ! ማንን ልትመቺ ነው?»

ድንጋዩን ከትከሻዬ ወደ አንገቴ አስጠጋሁና ጎንበስ ብዬ ቆምሁ። ያን ጊዜ ገባት። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ሽንኩርት ሻጯ ደረሰች። «ይችን ሴት ያዙልኝ! ድንጋ…» ብላ ሳትጨርስ አየችን። እኔን አየች፤ ትርንጎን አየች። ቁጣዋ ከላይዋ ሲወርድ ይታወቅ ነበር። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ይቅርታ ነው እንዴ? ምነው ታዲያ አትዪኝም? አስታራቂ አለሽ?»

የለኝም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ድንጋዩ የኔ ነው፤ አስታራቂም እኔ ነኝ። ተናገሪ። ሽንኩርቴን ፍየል እየበላው ነው።»

ድንጋዩ ይናገርልኛል ያልሁት ቀረ። አንገቴን ብቻ አደማኝ።

«አትሂጂ» አልሁ።

«ምን አልሽ?» አለች ትርንጎ።

«አትሂጂብኝ።»

እንባዋ መጣ፤ ቁጣም አብሮት መጣ። «አሁን? ባጃጁ ቆሞ? ባለፈው ሳምንት የደወልሁልሽ ለምን ይመስልሻል? እንድትከለክዪኝ እኮ ነው። መጀመሪያም ስሄድ መንገድ ይቅናሽ አልሽኝ። ሆዴን ይዤ ስመጣም ዝም። ክፉ ቃል እንኳ ነፈግሽኝ፣ እማዬ።»

«በድያለሁ።»

«እኔን ተዪኝ። ለእሷ ንገሪያት ማን እንደሆንሽ።»

ቃል ኪዳን ከአከራይዋ ጀርባ ቀና ብላ «እትዬ ጧፍ ናት» አለች። መልሱን የምታውቅ ተማሪ ነበር የምትመስለው።

ተንበረከክሁ። «አያትሽ ነኝ» አልሁ።

«ጮክ በይ» አለች ትርንጎ። «ስትዋሺ ጮክ ብለሽ ነበር።»

«አያቷ ነኝ!» ብዬ ጮህሁ። «አደራ አይደለችም! የጓደኛ ልጅ አይደለችም! የልጄ የትርንጎ ልጅ ናት! የካድኋት እኔ ነኝ!»

አንድ ፍየል የሚነዳ ሰውዬ ከመንገድ ማዶ «ሰምተናል እናቴ፣ ሰምተናል!» አለ።

ሕፃኗ ግን አልገረማትም። «ታዲያ ድንጋዩን ለምን ተሸከምሽው?» አለች። ትርንጎ ሳቅም ለቅሶም የሆነ ድምፅ አወጣች። መጣችና ድንጋዩን በሁለት እጇ አነሣችልኝ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። «ተነሽ እንግዲህ።»

አስታራቂዬና ልጄ በግራ በቀኝ ይዘው አነሡኝ። ሽንኩርት ሻጯ ድንጋዩን አቅፋ «በል አንተ፣ ሻንጣውን አውርድ» ብላ ባለባጃጁን አዘዘችው። ትርንጎን አልጠየቀቻትም። ትርንጎም አልከለከለቻትም።

በሃያ አንድ፣ የማኅበራችን ቀን፣ ልጄንና የልጅ ልጄን ይዤ ገባሁ። ቀድሜ ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ለማኅበሩ ደግሞ ቆሜ ልናገር ተነሣሁ። «ይህች ሕፃን የትርንጎ ናት» አልሁ።

«እናውቃለን» አለች ሙሉ፣ ዳቦ እያኘከች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከክርስትናዋ ቀን ጀምሮ። እኅቴ ሐሙሲት አይደለችም እንዴ የምትኖረው? ምሰሶ ተጠግተሽ ስትነፋረቂ አይታሻለች። ደግሞ ግንባሯን አላየሽውም? የአንቺው እኮ ነው።»

«ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«ሙሴያችን ነሽ፤ እስክትጨርሺ ጠበቅንሽ። ስትዋሺ እኛ ደከመን እንጂ።»

ስለዚህ ያን ሁሉ ዘመን የሸፈንሁት የገዛ ዓይኔን ብቻ ነበር። አፈርሁና «ከሙሴነቴ ልውረድ» አልሁ። «ኧረ አይሆንም!» እንዲሉኝ ጠበቅሁ። ሙሉ «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለችና ሹመቱን ለሌላ ሰጠች።

ለሽማግሌው በስልክ «ተፈጽሟል» ብዬ ነገርኋቸው። «በሥራ ዘመኔ ሙሉ ስመራ ኖርሁ። የመራሁት ነገር ምን ላይ እንደደረሰ ተመልሶ የነገረኝ ሰው አልነበረም» አሉኝ። በዓመቱ የአባቴን መቃብር ሊያዩ ተመልሰው መጡ፤ ቃል ኪዳን አበባ ሰጠቻቸው። ሁለቱም አበባ መቀበልና መስጠት ያውቁበታል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ከእኔ ትሻላላችሁ። ካልተሻላችሁ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለፈጣሪ የምትነግሩትን የልብ ነገር ለሚመለከተውም ሰው ንገሩት። ፈጣሪማ ያውቀዋል፤ ልጃችሁ ግን አታውቀውም። ስልክ ይዛ በዝምታ ስትጠብቃችሁ፣ ዝምታዋ ጥያቄ ነው።

ትርንጎ ዛሬ አብራኝ ትኖራለች። ከወረታ ሩዝ እያመጣች ደብረ ታቦር ትሸጣለች። ስለ መሄድ አልፎ አልፎ ታነሣለች፤ ኑሮ ነው፣ አልፈርድባትም። እኔ ግን ዳግመኛ አልዘገይም። ጧት ነጠላዋን ስታነሣ ካየሁ፣ አፏን ሳትከፍት «አትሂጂ» እላለሁ።

«እማዬ፣ ሩዝ ላመጣ ነው። ማታ እመለሳለሁ።»

«ቢሆንም» እላታለሁ።